ለአንድ ሌሊት የተሠሩት ግንቦች

ከተመለስኩበት ቀን ጀምሮ የማታ ትምህርት ጓደኞቼ «ግንቦቹን አየሻቸው? እንደሚወራው ናቸው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በቃል ስመልስ አንዱን አስቀድሜ ሌላውን እየረሳሁ ግራ አጋብቻችኋለሁ። ስለዚህ ሦስቱን ቀን በየተራቸው ጽፌ በመጻሕፍት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኑሬዋለሁ። ያልደረሳት ተራዋን ትጠብቅ። ገጹንም በምራቅ አትግለጡ።

ነገር ደብቆ እስከ መጨረሻው የሚያስጠብቅ መጽሐፍ አልወድም፤ ዋናውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እኔ የሄድኩት ግንብ ለማየት ነው። አብረውኝ የሄዱት ሽማግሌ፣ ሁላችሁም የምታውቋቸው ግንበኛው አቶ ወልዴ፣ የሄዱት ግን ከግንቦቹ በአንደኛው ውስጥ ሕፃናት እየተማሩበት መሆኑን ስለሰሙ ነው። ግንቡን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሰው ሊኖርበት የማይገባ መሆኑን የሚያውቁትም እሳቸው ነበሩ። ለእኔ የነገሩኝ በሁለተኛው ቀን ነው፤ እናንተ ግን ከአሁኑ ብታውቁት ይሻላል፤ እኔ የደነገጥኩትን ያህል አትደነግጡም።

እኔስ ለምን ሄድኩ? አንደኛ ክፍል ስገባ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማንበብ የተማርኩት ለሰባት ዓመት ልጆች በተዘጋጁ መጻሕፍት ነው። ከነዚያ በአንዱ ውስጥ፣ ማማዎቹ እንደተቀረጸ እርሳስ የሾሉ፣ ተራራ ላይ የተቀመጠ የንጉሥ ግንብ ሥዕል ነበር። ጉልበቴ ከልጆቹ ጠረጴዛ ጋር እየተጋጨ ያንን ሥዕል ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልናገርም። ከዓመታት በኋላ አቶ ወልዴ የመጻሕፍት ቤታችንን ግድግዳ ሊጠግኑ ሲመጡ፣ ከጢቾ ማዶ እንደዚህ ያሉ ሁለት ግንቦች እንዳሉና አንደኛውን የሠሩት ራሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። አሰላ ውስጥ ይህን ከአፋቸው ያልሰማ ያለ አይመስለኝም፤ ጠጅ ቤትም ለቅሶ ቤትም ተናግረውታል። ባለፈው መጋቢት ከዚያ አገር የመጣ አንድ መምህር ግንቡ ትምህርት ቤት መሆኑን ሲያጫውተኝ፣ ሄጄ «እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው። ድንጋይ እየጠረቡ ነበር። መዶሻቸውን መሬት ላይ አኑረው «ልጆች? ውስጡ?» አሉኝ። ሄጄ ላየው ማሰቤን ስነግራቸው የጠየቁኝ መቼ እንደምሄድ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ሹፌሩ በማለዳ እንነሣለን ስላለን ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆመን ነበር። የተንቀሳቀስነው ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ነው። አቶ ወልዴ የወታደር ካፖርት ለብሰው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በጉያቸው ይዘዋል። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ቱምቢያቸው ነው፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በገመድ የሚንጠለጠል ብረት። ግንብ ለመጎብኘት ቱምቢ ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ።

አውቶቡሱ የባዳን ተራራ ሲያያዘው ገብሱ እያጠረ፣ ቤቱም እየራቀ ሄደ። ከዚያ በላይ የአስታ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። ረጅሙ የጅብራ ተክል በጉም ውስጥ ተበታትኖ ሲቆም ሰው ይመስላል፤ አንዲት ሴትዮ ለአንዱ ሰላምታ ሰጥተዋል። እኛ አሰላ ሆነን ብርድ አለ እንላለን። ከእንግዲህ እኔ አልልም።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ጎማው ፈነዳ። መለዋወጫው ከላይ ሲወርድ እሱም የተነፈሰ ሆኖ ተገኘ። ሹፌሩ ይህን ትናንት ያውቅ እንደነበረ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ ግን ማንም አልተናገረውም፤ ተቆጥተን ቢተወን የት እንገባለን? ረዳቱ ሁለቱንም ጎማ በሚያልፍ የጭነት መኪና ጭኖ ጢቾ ወዳለው ጎሚስታ ወረደ። እኛ ጉም ውስጥ ቀረን።

ጢቾ ውስጥ ሱቅና አልጋ ቤት ያላቸው ወይዘሮ ራቢያ የሚባሉ ነጋዴ ከአሰላ ዕቃ ጭነው እየተመለሱ ነበር። ለሽያጭ ያመጡትን አዲስ ብርድ ልብስ ከማሰሪያው ፈትተው በሦስታችን ጉልበት ላይ አለበሱት። ይቆሽሻል ብላቸው፣ አዲስ ነው ብዬ እሸጠዋለሁ፣ አንቺ ካልተናገርሽ ማን ያውቃል አሉኝ። ይኸው ተናገርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላልም አወጡ። ወዴት እንደምንሄድ ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«ዘንድሮማ ልጆቹ በዝተው ላይኛው ፎቅ ላይ ወጥተዋል» አሉ። «ሲዘምሩ መንገድ ላይ ሆነሽ ትሰሚያለሽ።»

አቶ ወልዴ እንቁላሉን ልጠው ጨው አስነክተው ይዘውት ነበር። ሳይቀምሱት መልሰው ወረቀቱ ላይ አኖሩት። ምነው ቢሏቸው ጥርሴን ነው አሉ።

ጢቾ የገባነው አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከተማዋ ከአሰላ አንድ ሰፈር አትበልጥም፤ ገበያዋ ግን የእኛን ያስንቃል፤ ወይም የሐሙስ ገበያ ሆኖ ይሆናል፤ በአንድ ቀን ይህን መወሰን አልችልም። ወይዘሮ ራቢያ አልጋ ቤታቸው ወስደው ራታችንን ከቤተሰባቸው ጋር አቀረቡልን። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ሥጋ የምንበላ መሆናችንን አውቀዋል፤ የክርስቲያን ሥጋ ከየት ላምጣላችሁ ብለው ለእኛ ብቻ ምስርና ድንች አሠርተዋል። እንግዳ ቢመጣብኝ እኔ ይህን አስብ ነበር? አላስብም ነበር። አልጋው ንጹሕ ነው፤ ቁንጫው አንድ ብቻ ነበር።

ዓርብ

ወይዘሮ ራቢያ ሁለት በቅሎ ያለው ሰው አገኙልን። ኦቦ ከድር ይባላል። እዚያው ከግንቦቹ በታች የሚያርስ ጭሰኛ ነው፤ ለገበያ መጥቶ አድሮ ወደ ቤቱ የሚመለስ። እሱና አቶ ወልዴ ሲተያዩ ከድር አቅፎ ሳማቸው። ግንቡ ሲሠራ አብረው እንደነበሩ የገባኝ ኋላ ነው። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ እኔ የሰማሁትን ግማሹን ብቻ ነው የምጽፈው።

በቅሎዋ ወንዝ ስትሻገር ኮርቻው ዞረ፤ እኔም አብሬው ዞርኩ። ውኃው ጥልቅ አልነበረም፤ ቀሚሴ ግን እስከ ወገቤ ራሰ። ከድር አንሥቶ ካቆመኝ በኋላ በጣም ረጋ ብሎ «አሰላ ውስጥ በቅሎ የምትጋልቡት ከሆዷ በታች ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ከዚያ ጋቢውን አውልቆ ሰጠኝና ቀኑን ሙሉ በሸሚዝ ዋለ።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደተጓዝን ጉሙ ተነሣ። የቦታውን ስም እዚያ ያስተናገዱኝን እመቤት ስለማከብር አልጽፍም፤ ከጢቾ ወደ ዲክሲስ በሚወስደው አቅጣጫ ነው ብዬ ልለፈው። ከሸለቆው ማዶና ማዶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሁለት ግንቦች ፊት ለፊት ቆመዋል። በስተቀኝ ያለው አምስት ማማ አለው፤ በስተግራ ያለው አራት፣ ግን የሚረዝሙ። የማማዎቹ ጫፍ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ስለመታው ያበራል። የመስኮቶቹ ቅስት፣ የግድግዳው ጥርስ፣ ሁሉም እንዳለ ከመጽሐፌ ወጥቶ የተተከለ ነው። በቅሎዋን አስቆምኳት። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። አቶ ወልዴ ግን ጆሯቸውን ወደ ማዶ አቁመው ያዳምጡ ነበር። በነፋሱ ውስጥ የልጆች ድምፅ ይመጣል።

መጀመሪያ የደረስነው አምስት ማማ ያለው ጋ ነው። የግራዝማቹ ግንብ ይባላል፤ ባለቤቱ አዲስ አበባ ይኖራሉ። ከፊት ለፊቱ ስንቆም አንድ ነገር አልጎደለውም። ዞረን ከኋላው ስንደርስ ግን ኋላ አልነበረውም።

እንዴት ላስረዳችሁ? የአንድን ሰው ፊት አይታችሁ፣ ቢዞር ማጅራት ባይኖረው ማለት ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ጥርብ ድንጋይ ውፍረቱ አንድ ክንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ጭቃና ጭድ ነበር። ባለፈው ነሐሴ በአንድ ቀን ዝናብ ተንዶ ሁለት ላሞች ቀብሯል። የፎቁ ወለል ሳንቃዎች በአየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ከላይኛው ረድፍ ሦስቱ መስኮቶች መስኮት አልነበሩም፤ በጥቁር ቀለም የተሣሉ ናቸው። ከሥር የገብስ ክምር አለ፤ አንዲት ጊደር ከክምሩ እየመዘዘች ትበላለች።

አቶ ወልዴ የተናደው ጭቃ ላይ ተቀመጡ። ሁሉንም የነገሩኝ እዚያ ነው።

አቶ ወልዴን ያሠሯቸው ባላምባራስና የዚህኛው ባለቤት ግራዝማች ወንድማማቾች ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው ሸለቆው ብቻ ነው። ጃንሆይ በዚያ በኩል አልፈው አንድ ሌሊት ያድራሉ የሚል ወሬ መጣ። እኔ ጋ ያድራሉ፣ የለም እኔ ጋ፣ ተባባሉ። ባላምባራስ ከአዲስ አበባ የመጣ የቀን መቁጠሪያ ነበራቸው፤ አንደኛው ወር ላይ የውጭ አገር ነገሥታት ግንብ በበረዶ ተራራ ላይ ይታያል። አቶ ወልዴን ከአሰላ አስጠርተው ይህን ሥራልኝ አሏቸው። ግራዝማችም ይህን ሰምተው በሌላ ግንበኛ ያንኑ በአንድ ማማ ጨምረው አስጀመሩ። አቶ ወልዴ ጀርባውስ ምን ይመስላል ብለው ቢጠይቁ፣ ባላምባራስ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። ከጀርባው የሚቀጥለው ወር ነበር።

ሥራው የሁለት ዓመት ነው። ንጉሡ በሰባት ሳምንት ውስጥ ይመጣሉ ተባለ። አይደርስም ቢሉ፣ ባላምባራስ «ለአንድ ሌሊት ይቁምልኝ፤ ከዚያ በኋላ አጠንክረው» አሏቸው። ከመንገድ የሚታየው ወገን በድንጋይና በኖራ ሆነ። የቀረው በጭቃ። የማማዎቹ መሠረት ከጉልበት አይወርድም። ጃንሆይ ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። ባላምባራስ ግንቡን በቁልፍ ቆልፈው እስኪሞቱ ድረስ አልከፈቱትም።

«የተዘጋ ቤት ሰው አይገድልም ብዬ ተቀመጥኩ» አሉ አቶ ወልዴ። «አምሮ ቆሞ ሳየው ራሴም አመንኩት። አሰላም ገብቼ አወራሁት። ካንቺ ከሰማሁ ደግሞ ይኸው ወር ሆነኝ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ነገ እሄዳለሁ እላለሁ። ብቻዬን ግን አልቻልኩም።»

እኔ ሐሙስን በሙሉ ስለ ጎማና ስለ ብርድ ሳስብ ነው የዋልኩት። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ይህን ተሸክሞ ነበር።

ከድር ምንም አልደነገጠም። ይህን ሳይ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። በኦሮምኛ የሆነ ነገር ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

«ጭቃውን የረገጥነው እኛ ነን» አለኝ። «የዚህ አገር ጭሰኛ በሙሉ። እንዴት አናውቅም?»

«ታዲያ ልጆቻችሁ?»

«የኔ ፋጡማ ታች፣ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጥ። ላይ ከወጣሽ እግርሽን እሰብረዋለሁ ብያታለሁ። የሌሎቹም አባቶች እንደሱ ብለዋል። ላይ ያሉት የሩቅ ልጆች ናቸው፤ ከጋራው ጀርባ የሚመጡ።»

ግንቡ ለቀረላቸው ለባላምባራስ ሚስት ለምን አልነገራችሁም ብዬ ስጠይቅ፣ ለባለ ርስት ቤትሽ ጭቃ ነው ተብሎ ይነገራል ወይ አለኝ። ቀጥሎም «ደግሞስ ማን ጠየቀን?» አለ። የሰጠኝን ጋቢ ለብሼ ነበር። ልመልስለት አሰብኩ፤ ከዚያ ደግሞ እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ መልሼ አጣፋሁት።

ሸለቆውን ተሻግረን የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ በላይነሽ ቤት ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሰዉ እሜቴ ይላቸዋል። የሚኖሩት ከግንቡ ኋላ ባለው ረጅም የሣር ቤት ነው፤ ግንቡ ውስጥ አንድም ቀን አድረው አያውቁም፤ ይበርዳል አሉኝ። እርጥብ ቀሚሴን አይተው ከሣጥናቸው የራሳቸውን የክት ቀሚስ አውጥተው አለበሱኝ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ አጎረሱኝ። እኛ አሰላ የምንሠራው ጭኮ ከዚያ በኋላ አልጣፈጠኝም።

አቶ ወልዴን ሲያዩ ተነሥተው ሳሟቸው። ግንቡን ለባላምባራስ ነፍስ ብለው ለትምህርት ቤት እንደሰጡ፣ ጸሎትም ተዝካርም እንደዚህ እንደማይደርስ፣ ልጆቹ ሲያነቡ ባላምባራስ ይሰሟቸዋል ብለው እንደሚያምኑ ነገሩን። «እጅህ ይባረክ፣ ወልዴ» አሉ። «አንተ ባትሠራው ምን እሰጥለት ነበር?»

አቶ ወልዴ፣ ግንቡ ልስኑ ተላልጧል፣ እኔ በነፃ አድሰዋለሁ፣ ልጆቹ ብቻ ለሁለት ሳምንት ይውጡ አሉ። እሜቴ ልስንማ በክረምት ዕረፍት ይደርሳል፣ ልጆቹ ፈተና አለባቸው አሉ። አቶ ወልዴ እሺ ሊሉ ነው። አንገታቸው ወደ ታች ሲሄድ አየሁ።

እኔ ሰው ቤት የማልናገር ሰው መሆኔን ታውቃላችሁ። ስብሰባ ላይ እጄን ካወጣሁ ሁለት ዓመት ይሆነኛል። ግን የተሳሳተ ነገር ሲነገር ዝም ማለት አልችልም፤ መጽሐፍ ላይም ቢሆን በእርሳስ አርማለሁ።

«አቶ ወልዴ» አልኩ፤ «ልስን አይደለም።»

አቶ ወልዴ ከመደቡ ወርደው ቆሙ። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ፤ ጭቃውን፣ መሠረቱን፣ ሰባቱን ሳምንት። ለእኔ ከነገሩኝ አንድ ቃል አላጎደሉም።

እሜቴ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። «ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አሉ።

«ከሠራሁበት ቀን ጀምሮ፣ እሜቴ።»

ነጠላቸውን አጣፍተው «ተነሡ» አሉን።

ግንቡ በር ላይ ስንደርስ ከላይ ልጆቹ የማባዣ ሰንጠረዥ በአንድ ድምፅ ይላሉ፤ ስድስት ጊዜ ሰባት አርባ ሁለት። አቶ ወልዴ ከረጅሙ ማማ ጠርዝ ላይ፣ ክንዳቸው በደረሰበት፣ ቱምቢውን አንጠለጠሉት። ገመዱ ከግድግዳው ጋር እኩል መውረድ ነበረበት። ከታች በመካከላቸው እጄ ገባ፤ ለካሁት፣ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ነው። ማማው ወደ መንገዱ ጎንበስ ብሏል። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው የከድርን ዱላ ተቀብለው ልስን የሸፈነው ግድግዳ ውስጥ ሰደዱት። ቂጣ እንደመውጋት ነው። እስከ እጃቸው ገባ። ሲያወጡት ጫፉ ላይ እርጥብ ጭቃና ያልበሰበሰ ጭድ ነበር። እሜቴ ጭቃውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መምህሩ ታደሰ የሚባል ከጎጃም የተመደበ ወጣት ነው። ድምፃችንን ሰምቶ ወረደ። መጀመሪያ ተከራከረ፤ ታችኛው ክፍል ጨለማ ነው፣ ኢንስፔክተሩም ባለ ፎቅ ትምህርት ቤት ብሎ አመስግኖ ጽፎልናል አለ። ዱላው የገባበትን ቀዳዳ ሲያይ ንግግሩን አቋረጠ። ከላይ ልጆቹ ሰባት ጊዜ ሰባት ላይ ደርሰው ነበር፤ ቁጥሩን በእግራቸው እየመቱ። በመቱ ቁጥር ከጣሪያው ሥር አፈር ይረግፋል።

«ደወል እንዳትደውል» አሉት አቶ ወልዴ። «እንዳይሮጡ። አንድ ባንድ፣ በቀስታ።»

ታደሰ ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። ላይ ወጥቶ ምን እንዳላቸው ሰማሁ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬ አዲስ ጨዋታ አለ፣ ድመት ሆናችሁ ትወርዳላችሁ፣ ድምፁ የተሰማ ከጨዋታው ይወጣል አላቸው። መውረድ ጀመሩ። ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ በእግር ጣታቸው። እሜቴ ማማውን በጀርባቸው የሚይዙት ይመስል በሩ መቃን ላይ ተደግፈው ቆሙ። ውጡ ብንላቸው አልሰሙንም። መካከል ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ አነጠሰች፤ ሁሉም ሊስቁ ሲሉ ታደሰ ከላይ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ያዛቸው። ከድር ጎንበስ ብሎ እያንዳንዱን እጁን ይዞ ወደ ሣሩ ይመራ ነበር። ፋጡማ ከታችኛው ክፍል ወጥታ አባቷን «እኔ እኮ አልወጣሁም» አለችው። ፊቱን አዞረባት።

አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ታደሰ መጨረሻ ላይ ወጣ።

ያን ምሽት እሜቴ ለአቶ ወልዴ አንድ ቃል አልተናገሩም። ግን የእንግዳ እግር ይታጠባል፤ ውኃ አሙቀው፣ ቤት ውስጥ ሠራተኛ እያለች፣ በራሳቸው እጅ አጠቧቸው። አቶ ወልዴ እግራቸውን ለመሰብሰብ ቢሞክሩ ያዝ አድርገው መልሰው ገንዳው ውስጥ ከተቱት። አድርቀው ሲጨርሱ ብቻ «ነገ አፍርሰው» አሉ።

ቅዳሜ

ወደ አሰላ የተመለስነው በዚሁ ቀን ከሰዓት በኋላ በእህል መኪና ነው። ስለ መንገዱ የምነግራችሁ የለኝም፤ ጆንያ ላይ ተኝቼ ነው የመጣሁት። የምጽፈው የጠዋቱን ነው።

ወሬው አድሮ ስለደረሰ አገሩ በሙሉ መጥቷል፤ የጋራው ጀርባ ወላጆችም፣ ጭቃውን የረገጡትም። በአንድነት አልቆሙም። ታደሰ ልጆቹን ከግንቡ ርቆ ባለው ዳገት ላይ አስቀመጣቸው። አቶ ወልዴ ገመዱን የረጅሙ ማማ ወገብ ላይ በመሰላል ወጥቼ ራሴ ካላሰርኩ አሉ። የሚያውቋቸው ሁሉ ለመኗቸው፤ እምቢ አሉ። ሲወጡ መሰላሉ ያረፈው በዚያው ግድግዳ ላይ ነበር።

ከድር ሦስት ጥማድ በሬ አምጥቷል። አንዱ ጥማድ ካልቻለ ሁለተኛው ይጨመራል፣ ሦስተኛውም። የመጀመሪያውን ጠምዶ ገመዱን ቀንበሩ ላይ አሰረ። ገመዱ ረጅም ስለሆነ ግማሹ ሣሩ ላይ ተኝቷል። «ኪር» አላቸው። በሬዎቹ ሁለት እርምጃ ሄዱ።

ይህን በትክክል ማስፈር እፈልጋለሁ፤ አሰላ ከገባሁ በኋላ አይሆንም ብላችሁ ተከራክራችሁኛልና። ገመዱ ገና አልተወጠረም። ከሣሩ ተነሥቶ ረገብ እንዳለ ነበር። ማማው ወደ መንገዱ ወደቀ። ሌሎቹ ሦስቱ ተከተሉት፤ ፊት ለፊቱ ያለው ድንጋይ በሙሉ በግንባሩ ተደፋ። ድምፁ ከተራራው ተመልሶ ሲመጣ በሬዎቹ ደንብረው ቀንበሩን ሰበሩ። አቧራው ሲገለጥ የላይኛው ፎቅ ወለል በሣር ቤቱ ትይዩ ተንጋዶ ይታያል፤ አግዳሚ ወንበሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረዋል። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የማባዣው ሰንጠረዥ እንዳለ ነው።

ልጆቹ አጨበጨቡ። ለነሱ ትርኢት ነበር። ትልልቆቹ አንዳችን አንዳችንን ማየት አልቻልንም።

አቶ ወልዴ እየተራመዱ ወደ ዳገቱ መጡ። ቅንድባቸው ላይ አቧራ ነበር። ልጆቹን ከዳር እስከ ዳር አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቁጠሪያቸው።»

ሁሉም ትናንት ደኅና ወጥተዋል አልኳቸው። ታደሰ መዝገብ ላምጣ አለ።

«ከመዝገብ አይደለም» አሉ። «እሷ በዓይኗ ትቁጠርልኝ።»

እናንተም ታውቃላችሁ፣ ልጅ አይቆጠርም። አሰላ ውስጥም ቢሆን ወልዳ ልጆቿን በቁጥር የምትናገር እናት የለችም። ከጋራው ጀርባ የመጡት እናቶች አተኩረው አዩኝ። እኔ እሜቴን አየሁ። እሳቸው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ እንዳያዩ፣ ፊታቸውን ወደ ማዶው ግንብ አዞሩ።

ጣቴን ሳልቀስር፣ እያንዳንዱን ራስ በእጄ እየነካሁ ሄድኩ። አርባ ሦስት ናቸው። ነገርኳቸው። «እንደገና» አሉኝ። ከሌላው ጫፍ ጀመርኩ። አርባ ሦስት።

አቶ ወልዴ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ሦስተኛውን ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም፤ ለራሴ ብዬ ቆጠርኳቸው።